የአባ ገፋ አጥር

አባ ገፋ በሕይወት ዘመኑ ያልገፋው ድንበር አልነበረም። ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ እሱም ቅር አላለውም፤ እንዲያውም እናቱ ካወጣችለት ስም ይልቅ በዚህኛው ሲጠሩት ቶሎ ይዞር ነበር። የዘር ወቅት ሲደርስ ሌላው ገበሬ ትራክተሩን አስነስቶ ከመጣለት ቦታ ይጀምራል። አባ ገፋ ግን ሁልጊዜ ከድንበሩ ነው። የድንበሩን ፈር ለልጅም ለቅጥረኛም አይሰጥም። ራሱ መሪው ላይ ይወጣና፣ የምላሱን ጫፍ ከከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ቀስ እያለ የጎረቤቱን ሣር በማረሻው ጠርዝ ቧጨር ያደርጋል። ትንሽ ናት፤ ለክስ የማትበቃ፣ ለኩርፊያ ግን የምትበቃ። በዓመቱ ደግሞ ሌላ ትንሽ። ለምን ሲሉት "ትራክተሩ ነው፤ መሪው ወደ ቀኝ ይስባል" ይላል። ድንበሩ በግራ ሲሆን ያው መሪ ወደ ግራ ይስብ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው የመንግሥትን አጥር ያከብራል ብሎ ማን ያምናል? የገዛ ልጁ እንኳ አላመነችም።

ልጁን ከታናሽ ወንድሟ ጀምሮ ሰው ሁሉ እትዬ ነው የሚላት። አባቷ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ያን ጠዋት እትዬ ብርጭቆ ማጠቧን ትታ፣ እጇ አረፋ እንደያዘ፣ በወጥ ቤቱ መስኮት የታችኛውን ማሳ ታይ ነበር። ማሳው ከወንዙ ዳር ይነሳና ወደ ቤቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ማረሻም ከብትም ሳይነካው ስለኖረ ሣሩ ወገብ ይደርሳል፣ በወንዙ ዳር የተተከሉት ዛፎችም ጥላቸው ተጋጥሟል። መንግሥት መሬቱን ለሚያሳርፍ ገበሬ በየዓመቱ ማካካሻ የሚሰጥበት ውል በዚያ ወር ያልቃል። ረፋዱ ላይ ከአፈርና ውሃ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያው መጥቶ ማሳውን ይለካል። ልኩ ከውሉ ጋር ከገጠመ ውሉ ይታደሳል። ከጎደለ፣ ማለትም አባ ገፋ አመሉ አሸንፎት አጥሩን ወደ ታች ገፍቶ ካረሰ፣ ውሉ ይፈርሳል፤ ወንድሟ ደግሞ በማግስቱ ያን ሁሉ ሣር ይገለብጠዋል። እትዬ ሌሊቱን በጎኗ ስትገላበጥ ያደረችው በዚህ ነው። ማሳውን ማጣቱ አንድ ነገር ነው፤ አባቷን ከሞተ በኋላ ሌባ ማሰኘቱ ደግሞ ሌላ።

ያ ማሳ እንዲህ አልነበረም። እትዬ ልጃገረድ ሳለች እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ይታረስ ነበር። ዝናብ ሲጥል አፈሩ ታጥቦ ይወርዳል፤ ወንዙም እንደ ሻይ ይጠቁራል። ከዚያ ተከታታይ ድርቅ መጣና ማሳው አቧራ ሆነ፤ ነፋስ በተነሳ ቁጥር የተሰጣ ልብስ ዳግመኛ ይታጠባል፣ እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማ የሚሰደደውም በዛ። በዚህ መሀል ነው አንድ ቀጭን ወጣት በአዲስ ቦቲ ጫማ ብቅ ብሎ፣ መሬት ማሳረፍ የሚሉት ፕሮግራም መጥቷል፣ ወንዝ ዳር ያለውን አጥሮ ሣርና ዛፍ ለተከለ መንግሥት ይክሰዋል ያለው። አባ ገፋ እስኪጨርስ አዳመጠውና መሬት የሚያርፈው ሰው ሲሰንፍ ነው ብሎ መለሰው። ወጣቱ ተስፋ ቆርጦ ሲመለስ በአቋራጭ እሄዳለሁ ብሎ የወንዙ ዳር ጭቃ ውስጥ ተሰነቀረ። አባ ገፋ በገመድ ጎትቶ አወጣው፤ አንዱ ቦቲ ግን እዚያው ቀረ። ያን ምሽት ባለሙያው የእትዬን የክረምት ካልሲ አጥልቆ ከቤተሰቡ ጋር እራት በላ። አባ ገፋም "የመንግሥት ሰው ጫማውን ከፍሎ ከሄደማ እኔ ምን ቀረኝ" ብሎ ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ባለ ቦቲው ሆነ፤ ጸጉሩ ሸብቶ እንኳ አልተወውም።

ፈረመ እንጂ አፉን አልዘጋም። ምሽት ምሽት ሁለት የእንጨት ወንበር ተሸክሞ ከአጥሩ አጠገብ ያስቀምጣል፤ አንዱ የራሱ፣ አንዱ የእትዬ። እሷ ሻዩን በፔርሙስ ይዛ ትወርዳለች። ከዚያ ማማረሩ ይጀምራል። "እዪው ይሄን! ቁጭ ብሎ ይበላል፣ እንደ ጡረተኛ" ይላል ማሳውን በአገጩ እያሳየ። ወንዙ እየጠራ ሲመጣ፣ ጠጠሩ መታየት ሲጀምር፣ የጠፉት የውሃ ወፎች ሲመለሱ፣ ሁሉን የሚያየው እሱ ነው፤ ግን የሚነግራት በምሬት ነበር። ዛሬ ደግሞ ዳክዬ አመጡብን፣ ነገ አዞ ሳያመጡ አይቀሩም ይል ነበር። እትዬ ትስቃለች፤ እሱ ፊቱን አጨፍግጎ ሻዩን ፉት ይላል። ሲመሽም እሷ ወንበሮቹን፣ እሱ ፔርሙሱን ይዘው ይወጣሉ። እነዚያ ምሽቶች ያኔ ምንም አይመስሏቸውም ነበር፤ ከነሱ አንዱን ለመመለስ ግን እትዬ ዛሬ ምን ባልሰጠች።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክናት ነበር። ወንድሟ ከቤት ከሄደ ወዲህ፣ የዘር ወቅት በገባ ቁጥር፣ አባቷ ጎህ ሲቀድ ብቻውን ወደ አጥሩ ይወርዳል። ትራክተሩ በአጥሩ ጥግ ሲያጓራ ትሰማለች። በማግስቱ በየቋሚው ሥር አዲስ የተቆፈረ አፈር ታያለች። ነገሩ የገባት መሰላት፤ አባባ ደግሞ ጀመረ አለች፤ አሁን ደግሞ ድንበሩ ከመንግሥት ጋር ነው። ጠጋ ብላ ብታይ በየት በኩል እንደተገፋ በተረዳች ነበር፤ ግን አልፈለገችም። ያላዩትን አይመሰክሩም። ማሳው ሰፊ ነው፣ የሚገፋው ደግሞ አንድ እርምጃ አይሞላም፤ በየቀኑ የሚያዩት ልጅ ማደጉ እንደማይታወቅ ሁሉ፣ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ዐይኗ ለመደው።

ወንድሟ አናጢ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እጁ እንጨት እንጂ አፈር አይወድም ነበር። ከተማ ሄጄ ሙያ እማራለሁ ያለ ቀን ከአባቱ ጋር በሩ ላይ ተፋጠጡ። አባ ገፋ በመጨረሻ ያለው "ሂድ፤ መሬቱ አንተን አይለምንህም" ነበር። ልጁም ጥርሱን ነክሶ ሄደ። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ በስልክ የሚያወሩት ስለ ዝናብ ብቻ ሆነ። እዚያ ጣለ ወይ? አልጣለም። እዚህም አልጣለም። በል ደህና ሁን። እትዬ ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው እያዛወረች ሁለት ግንዶችን ለማስታረቅ ዘመኗን ጨረሰች።

አሁን ይሠራበት የነበረው የእንጨት ሥራ ቤት ተዘግቶ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ድሮ ክፍሉ ተመልሷል። ክፉ ሰው አይደለም፤ የቸገረው ሰው ነው። የላይኛው ማሳ ደክሞታል፣ የተዘራበትን ግማሹን ነው የሚመልሰው። የታችኛው ግን ከሣሩ ሥር ጥቁርና ወፍራም አፈር አለው፤ ይህን ለማወቅ አናጢም መሆን ይበቃል። ሳምንቱን ሙሉ እራት ላይ ክርክራቸው ይኸው ነበር። እሷ ወንዙ ተመልሶ ይደፈርሳል ስትል፣ እሱ ልጆቼ የጠራ ወንዝ ቁርስ አይሆናቸውም ይላታል። ባለፈው ምሽት ደግሞ አንገቷን የሚያስደፋ ነገር ተናገራት።

"እትዬ፣ አንቺም ታውቂያለሽ እኮ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። አባባ ለጎረቤቱ ያልራራ ለመንግሥት አጥር ይራራል? ይለካ፤ ጎድሎ ሲገኝ ጣጣው ያልቃል።"

እትዬ ተነስታ ሳህኖቹን ሰበሰበች።

ባለ ቦቲው ረፋዱ ላይ መኪናውን ግቢው ውስጥ አቆመ። አሁን በጡረታ ሊሰናበት የተቃረበ፣ ወገቡን እየያዘ የሚወርድ ሰው ነው። እትዬን ስለ ጤናዋ ጠየቃት፤ ካልሲዋን እስካሁን እንዳልመለሰላት አስታውሶ ይቅርታ ጠየቀ። ልኬት ሲካሄድ አዋሳኝ ባለመሬት መገኘት ስላለበት ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ሆኖ ከወዲህም ማሳ ያላቸው ሽማግሌ ተጠርተው መጡ። እኚህ ሰው ጋሼ ሙግት ይባላሉ፤ ከአባ ገፋ ጋር ድንበር ለድንበር ሲሟገቱ ያረጁ፣ በቀብሩ ቀን ግን ከልጆቹ እኩል ያለቀሱ ናቸው። በዱላቸው ተደግፈው፣ ለማንም ሰላምታ ሳይሰጡ፣ ከአጥሩ አጠገብ ቆሙ።

ባለሙያው መለኪያ መሣሪያውን በደረቱ አንግቦ አጥሩን ተከትሎ መሄድ ጀመረ። እትዬ ከኋላው፣ ወንድሟ ከእሷ ኋላ። በወንዙ በኩል ዞሮ፣ በዛፎቹ ሥር አልፎ፣ ወደ ላይኛው አጥር ደረሰ። እዚያ ቆመ። መሣሪያውን አየ፣ ከቦርሳው ካርታውን አወጣ፣ ዐይኑን ከካርታው ወደ አጥሩ መለስ ቀለስ አደረገ። ከዚያ ምንም ሳይናገር እንደገና ዞረ። እትዬ መከተሏን ትታ አጥሩ ሥር ቆመች። አባቷ አሁን ከጎኗ ቢሆን ይህን ሁሉ በአንድ ቀልድ ያልፈው ነበር፣ መሪው ነው ይል ነበር። ወንድሟ ወደ እግሩ ያያል፤ እንደ ፈለገው ሊሆንለት ሲቃረብ ግን ደስታ አይታይበትም።

"ልኩ አልገጠመም" አለ ባለሙያው ተመልሶ ሲመጣ።

"ይጎድላላ" አለ ወንድሟ ዝግ ባለ ድምፅ።

"አይጎድልም። ይበልጣል።"

ማንም ወዲያው አልገባውም። ባለሙያው ሣሩን በእግሩ እየገፈተረ ወደ ማሳው ውስጥ ገባና፣ ብዙ እርምጃ ቁልቁል ከሄደ በኋላ ጎንበስ አለ። መሬት ውስጥ የቀረ የበሰበሰ የቋሚ ጉቶ ነበር። የመጀመሪያው አጥር እዚህ ነበር፣ እኔው ነኝ ያስተከልኩት አለ። ከዚያ ወደ እነሱ ሲመለስ የሌላ ቋሚ ጉድጓድ አገኘ፣ አሁንም ከፍ ብሎ ሌላ። አጥሩ ዓመት በዓመት ወደ ቤቱ ሽቅብ ሲወጣ ኖሯል። አባ ገፋ ከሚያርሰው መሬት እየቀነሰ ለሣሩ ሲሰጥ ነበር። ይህን የሚያደርግ ገበሬ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም ብሎ ባለ ቦቲው መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

በዚህ ጊዜ ጋሼ ሙግት መሳቅ ጀመሩ። ዱላቸው እስኪወድቅ ሳቁ፤ ቋሚውን ይዘው ሳቁ፤ ሳቁ ሲያልቅ ፊታቸው በእንባ ርሶ ነበር።

"ከማዶ ሆኜ ሁሉን አያለሁ እኮ" አሉ። "መጀመሪያ እኔን መግፋት ሲተው የታመመ መሰለኝ። ኋላ አጥሩን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ አየሁትና ሄጄ ጠየቅኩት። አንተ ሰው፣ መሪህ ዛሬ በየት በኩል ሳበህ? አልኩት።"

"ምን አለዎት?" አለ ወንድሟ።

ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ።

"ያንተን ነገር ነው ያለኝ። 'ልጄ ይመጣል' አለኝ፤ 'ከተማ እንግዳ ነው የሚያደርገው እንጂ የራሱ ልጅ አያደርገውም። ሲመጣ እኔ ያገኘሁትን አቧራ አያግኝ፤ ያረፈ መሬት ላቆየው።' እና ለምን ከአጥሩ ውጭ፣ እላይ ማሳው ላይ አታሳርፍም ብለው፣ 'እጄን አላምነውም' አለኝ። 'የተከፈተ መሬት ካየሁ አርሰዋለሁ። በመንግሥት አጥር ውስጥ ከገባ ግን እኔም አልደፍረውም።'"

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"

"እኔም ብዬዋለሁ። ደውልለት ብዬዋለሁ። 'መሬቱ አይለምንህም ብዬው፣ እኔ ልለምነው?' አለኝ። ለናንተ ትንፍሽ ካልኩ ድንበሬን እስከ ቤቴ ደጃፍ እንደሚገፋው ምሎ ነው ያስጠነቀቀኝ። ያደርገዋል ደግሞ።"

ወንድሟ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እትዬ አየችው፤ ልትይዘውም እጇን አነሳች፤ ግን እጇ መንገድ ላይ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ቀናች። በዚህ ዕድሜዋ፣ እንደ ትንሽ ልጅ ቀናች። ስታበስልለት፣ ስታጥብለት፣ ሲታመም ስታነሳው ስትጥለው የኖረችው እሷ ናት፤ በየዓመቱ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ፣ በእርጅና ወገቡ ቋሚ እየነቀለ፣ መሬት ያስቀመጠው ግን በስልክ ስለ ዝናብ ብቻ ለሚጠይቀው ነው። ለእሷ ምን አስቀመጠ? ከአንድ የእንጨት ወንበር ሌላ ምንም።

ባለ ቦቲው ጉሮሮውን ጠረገ። የውሉ መሬት ልኩ ሙሉ ስለሆነ መታደስ ይችላል አለ። የተረፈው፣ ከአሮጌው ጉቶ በላይ ያለው ግን ከውል ውጭ ነው፤ ከፈለጉ አብሮ ይገባል፣ ካልፈለጉ ይታረሳል፤ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ተነጋገሩና ንገሩኝ ብሎ ጋሼ ሙግትን በክንዳቸው ደግፎ ወደ ቤቱ ወጣ።

እህትና ወንድም ሣሩ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ወንድሟ ቁና ቁና እየተነፈሰ ቁጭ አለና ሣሩን በእጁ ገልጦ አፈሩን ዘገነ። አፈሩ በጣቶቹ መሀል እርጥብ ሆኖ ተጣበቀ።

"ሁሉም ይታደስ" አለ። "ፊቱን አላይም ስል ኖሬ ይሄን እንዴት አርሰዋለሁ? አንቺ እንዳልሽው ይሁን።"

እትዬ ይህን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ስትመኘው ነበር። አሁን እጇ ላይ ሲወድቅ ግን ሌላ ሰው የጣለው ዕቃ መሰላት፣ ባለቤቱ ፊቷ ተቀምጦ እያለ።

"አይሆንም" አለችው። "የታችኛው ይታደስ፤ እሱ የወንዙ ነው። ከጉቶው በላይ ያለው ግን ያንተ ነው። አባባ የቆረሰልህን ለዳክዬ ብሰጥ ይጣላኛል። እረሰው።"

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። ዐይኖቹ ቀልተዋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያለቅስ አፍንጫው ጭምር ነው የሚቀላው።

"ላንቺስ?" አላት። "ላንቺ ምን አስቀመጠልሽ፣ እትዬ?"

ከአፍታ በፊት ይህንኑ ጥያቄ ራሷን ስትጠይቅ ነበር፤ መልሱም መራራ ነበር። ከእሱ አፍ ስትሰማው ግን መልሱ ተለወጠባት፤ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። በስተግራ አጥሩ አጠገብ፣ ሁልጊዜ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ሣሩ አሁንም ዝቅ ብሎ ይታያል።

"የሚቀመጠው ለሌለ ሰው ነው" አለችው። "እኔ እዚሁ ነበርኩ። ድርሻዬን በየምሽቱ ስበላ ነው የኖርኩት።"

ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ትከሻዋንም አስጠጋችው። ባለሙያው ከላይ ሆኖ ምን ወሰናችሁ ብሎ ሲጣራ ሁለቱም ቶሎ አልተነሱም።